ኮዱ ክፍት ነው ማለት መረጃዎ ክፍት ነው ማለት አይደለም

መንግሥታዊ አገልግሎቶች ወደ ዲጂታል ሥርዓት መሸጋገራቸውን ተከትሎ በተገልጋዮች ዘንድ ከሚነሡ ጥያቄዎች አንዱ የሚከተለው ነው። «የዲጂታል መታወቂያው የተሠራው ማንም ሰው ከኢንተርኔት አውርዶ ሊያየው በሚችል ሶፍትዌር ነው ይባላል። እንዲህ ከሆነ የጣት አሻራዬንና አድራሻዬንም ማንም ሊያየው ነው?» ጥያቄው ተገቢ ነው። አሻራ እንደ ይለፍ ቃል አይቀየርም፤ አንድ ጊዜ ከተሰረቀ ባለቤቱ ሌላ ጣት ሊያበቅል አይችልም። ስለዚህ ጉዳዩን «ችግር የለም፣ አያስቡ» በሚል መልስ ከማለፍ ይልቅ ከሥሩ ማስረዳት ይገባል።

የጥያቄው የመጀመሪያ ግማሽ እውነት ነው። የፋይዳ ዲጂታል መታወቂያ የተመሠረተው ሞሲፕ በተባለ ክፍት ምንጭ ሶፍትዌር ላይ ነው። ሞሲፕ እ.ኤ.አ. በ2018 በሕንድ፣ ባንጋሎር ከተማ በሚገኘው ዓለም አቀፍ የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ተቋም የተጀመረ ሥራ ሲሆን፣ ዓላማውም አገሮች የመታወቂያ ሥርዓታቸውን ከባዶ ሳይጀምሩ የሚገነቡበትን መሠረት ማዘጋጀት ነው። ፊሊፒንስና ሞሮኮም ተጠቅመውበታል። ኮዱ በይፋ የሚገኝ በመሆኑ አዲስ አበባም ሆነ ማኒላ ያለ ባለሙያ ሊያነበው ይችላል። ሁለተኛው የጥያቄው ግማሽ ግን ከመጀመሪያው የሚከተል አይደለም።

የምንጭ ኮድ ማለት ባለሙያዎች ለኮምፒውተሩ የሚጽፉለት የሥራ መመሪያ ነው፦ ስሙን ተቀበል፤ የልደት ቀን ካልተሞላ አታሳልፍ፤ አሻራውን መስጥረህ አስቀምጥ፤ ጠያቂው ፈቃድ ከሌለው መልስ አትስጥ። አብዛኞቹ በንግድ የሚሸጡ ሶፍትዌሮች ይህን መመሪያ ለደንበኛው አያሳዩም፤ ደንበኛው የሚረከበው ማሽን ብቻ ወደሚረዳው ቅርጽ የተለወጠውን ነው። በክፍት ምንጭ አሠራር ግን መመሪያው ራሱ ከፈቃድ ሰነድ ጋር ለሕዝብ ይወጣል። ፈቃዱም ማንበብን፣ መጠቀምን፣ ማሻሻልንና ለሌላ ማስተላለፍን ይፈቅዳል።

ለዚህ ቅርብ የሆነው ምሳሌ የእድር መተዳደሪያ ደንብ ነው። ደንቡ በጉባኤ ፊት ይነበባል፤ ጎረቤት ሰፈር አዲስ እድር ሲያቋቁምም ደንቡን ተውሶ፣ የመዋጮውን መጠንና የቅጣቱን አንቀጽ ለራሱ እንዲስማማ አድርጎ ይገለብጠዋል። ይህን በማድረጉ ግን የመጀመሪያውን እድር ገንዘብ አልወሰደም፤ የአባላቱንም መዝገብ አላየም። ገንዘቡ በባንክ ነው፤ ወጪ የሚሆነውም በተመደቡት ፈራሚዎች ፊርማ ብቻ ነው፤ መዝገቡም በጸሐፊው ቁም ሣጥን ተቆልፎበታል። ሶፍትዌርም እንዲሁ ነው። ሞሲፕን ያወረደ ሰው የሚያገኘው ባዶ ሥርዓት ነው፤ አንድም ስም፣ አንድም አሻራ የለበትም። የዜጎች መረጃ የሚቀመጠው ሥርዓቱን በሚያስተዳድረው ተቋም ሰርቨር ላይ ሲሆን፣ መረጃው የሚመሰጠርበት ቁልፍም የኮዱ አካል አይደለም።

ሐሳቡ ከኮምፒውተር ይቀድማል። ኦገስት ኬርክሆፍስ የተባለ በሆላንድ ተወልዶ በፈረንሳይ ያስተምር የነበረ የቋንቋ መምህር፣ እ.ኤ.አ. በ1883 ስለ ወታደራዊ የምስጢር አጻጻፍ በጻፈው ጽሑፍ፣ የመመስጠሪያው ሥርዓት በጠላት እጅ ቢወድቅ እንኳ ጉዳት የማያስከትል መሆን አለበት ሲል አስቀምጧል። ምስጢር ሆኖ መጠበቅ ያለበት ቁልፉ ነው። ቁልፍ ቢሰረቅ በአጭር ጊዜ ሌላ ይተካል፤ መላውን ሥርዓት መተካት ግን ዓመታትን ይወስዳል። ዛሬም በዓለም ዙሪያ መረጃን ለመመስጠር በስፋት የሚያገለግለው ኤኢኤስ የተባለው ስልት ዝርዝሩ እ.ኤ.አ. በ2001 በአሜሪካ መንግሥት የደረጃዎች ተቋም ታትሞ ወጥቷል። ስልቱን ሁሉም ያውቀዋል፤ የተመሰጠረውን ግን ቁልፉ ያለው ብቻ ይፈታዋል።

ከዚህ በተጨማሪ ክፍት ምንጭ ሶፍትዌር ለአብዛኛው ተገልጋይ እንግዳ አለመሆኑን መጥቀስ ያስፈልጋል። ይህን ጽሑፍ በአንድሮይድ ስልክ የሚያነቡ ከሆነ፣ የስልክዎ ሥርዓት የቆመው እ.ኤ.አ. በ1991 ሊነስ ቶርቫልድስ የተባለ የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ በጀመረውና በሺዎች የሚቆጠሩ ባለሙያዎች ባዳበሩት ሊኑክስ ላይ ነው። በጤና ተቋማት የሚሰበሰበው ሪፖርት የሚጠናቀርበት ዲኤችአይኤስ 2 የኦስሎ ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች የሚያለሙት ክፍት ምንጭ ሥርዓት ነው። የግዕዝ ፊደልን በስክሪን ላይ የሚያሳዩ እንደ አቢሲኒካ እና ኖቶ ያሉ የፊደል ቅርጾችም በክፍት ፈቃድ የወጡ ናቸው።

በዚህ ረገድ ቋንቋችን ራሱ አንድ ችግር ይፈጥራል። «ነጻ ሶፍትዌር» ሲባል ብዙዎች ያለ ክፍያ የሚገኝ ማለት አድርገው ይረዱታል። ሪቻርድ ስቶልማን እ.ኤ.አ. በ1983 የነጻ ሶፍትዌር እንቅስቃሴን ሲጀምር የተናገረው ግን ስለ ነጻነት እንጂ ስለ ዋጋ አልነበረም፤ በእንግሊዝኛውም ቃሉ እንደ እኛው ሁለቱንም ትርጉም ስለሚይዝ ማብራሪያው እስከ ዛሬ ይደጋገማል። ለሕዝብ ተቋም ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም። ክፍት ምንጭ ሥርዓት የፈቃድ ክፍያ ባይጠየቅበትም ሰርቨር፣ መብራት፣ የጥበቃ ሥራና ደመወዝ የሚከፈላቸው ባለሙያዎች ያስፈልጉታል። በእኛ አስተያየት ትልቁ ጥቅሙ ቁጠባው ሳይሆን፣ ሥርዓቱን ያቀረበው ድርጅት ዋጋ ቢጨምር ወይም ሥራውን ቢያቆም ተቋሙ በሌላ ባለሙያ ሊያስቀጥለው መቻሉ ነው። የአንድ አገር የዜጎች መዝገብ በአንድ ሻጭ ፈቃድ ላይ እንዳይንጠለጠል ማድረግ ብዙ ዋጋ አለው።

ይሁንና ክፍት መሆን በራሱ ዋስትና ነው ብሎ መግለጽ ተገልጋዩን ማሳሳት ይሆናል። የድረ ገጾችን ግንኙነት በመመስጠር በስፋት የሚያገለግለው ኦፕን ኤስኤስኤል የተባለው ክፍት ምንጭ ሶፍትዌር፣ ከእ.ኤ.አ. 2012 ጀምሮ ሁለት ዓመት ያህል ከባድ ስሕተት ይዞ ቆይቶ «ሃርትብሊድ» በሚል ስም በኤፕሪል 2014 ይፋ ሆነ። ኮዱን ማንም ሊያነበው ይችል ነበር፤ በትጋት የሚመረምሩት ግን እጅግ ጥቂት ነበሩ። ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ደንብ ሁሉ ይነበባል ማለት አይደለም።

ከዚህ የባሰ ሥጋት የታየው እ.ኤ.አ. በ2024 ነው። ኤክስዜድ የተባለ፣ ፋይሎችን ለመጭመቅ የሚያገለግልና በአብዛኞቹ የሊኑክስ ሥርዓቶች ውስጥ የሚገኝ አነስተኛ ሶፍትዌር አለ። ለዓመታት ይጠብቀው የነበረው በትርፍ ሰዓቱ ያለ ክፍያ የሚሠራ አንድ ሰው ነበር። ራሱን ጂያ ታን ብሎ የሚጠራ ግለሰብ ቀርቦ ከሁለት ዓመት በላይ ጠቃሚ ማሻሻያዎችን አበረከተ፤ ሌሎች ስሞችም በደብዳቤ ልውውጥ ላይ ብቅ እያሉ ነባሩን ባለሙያ ሥራውን እንዲያጋራ ጎተጎቱት። በመጨረሻም ጂያ ታን አዳዲስ እትሞችን የማውጣት ሥልጣን አገኘ። እትም 5.6.0 እና 5.6.1 ሲወጡ በውስጣቸው የጓሮ በር ተደብቆ ነበር፤ የምስጢር ቁልፉን የያዘ አጥቂ ሶፍትዌሩ ወደተጫነባቸው ሰርቨሮች ከርቀት እንዲገባ የሚያስችል ማለት ነው።

የተገኘው እንደሚከተለው ነው። አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ በማይክሮሶፍት የሚሠራ ባለሙያ ሌላ ሥራ እየሞከረ ሳለ፣ ወደ ኮምፒውተሩ ከርቀት መግባት ግማሽ ሰከንድ ያህል እንደዘገየበት አስተዋለ። ሌላው ሰው ግማሽ ሰከንድን አይቆጥርም። እርሱ ግን ምክንያቱን እየተከታተለ ከኤክስዜድ ደረሰ፤ ማርች 29 ቀን 2024 ግኝቱን ለሁሉም አሳወቀ። የተበከሉት እትሞች ዋና ዋና ድርጅቶችና ተቋማት ወደሚጠቀሙባቸው የተረጋጉ ሥርዓቶች በስፋት ሳይደርሱ ተነሡ።

ይህን ታሪክ የክፍት ምንጭ ደጋፊዎችም ነቃፊዎችም ለየራሳቸው ይጠቅሱታል፤ ሁለቱም ከፊል እውነት አላቸው። ፍሮይንድ ኮዱን ከፍቶ መመርመር ባይችል ኖሮ ከማጉረምረም በቀር ምርጫ አልነበረውም። በሌላ በኩል የጓሮ በሩን የሚያስነሣው ክፍል በይፋ በሚታየው የኮድ ማከማቻ ውስጥ ሳይሆን ለስርጭት በተዘጋጀው ጥቅል ውስጥ ብቻ ተጨምሮ ነበር፤ ይኸውም ክፍት የተባለው ነገር ሙሉ በሙሉ ክፍት እንዳልነበረ ያሳያል። ከሁሉም በላይ ደግሞ በዓለም ዙሪያ የሚሠራበት ዕቃ በአንድ የደከመ ሰው ትከሻ ላይ ወድቆ መገኘቱ ሊያሳስብ ይገባል።

ስለዚህ ተገልጋይ አንድን መንግሥታዊ ወይም የግል ተቋም ሊጠይቀው የሚገባው ሶፍትዌሩ ክፍት ነው ወይስ ዝግ በሚል ብቻ አይወሰንም። የመመስጠሪያውን ቁልፍ የሚይዘው ማን ነው? የደኅንነት ማሻሻያ ሲወጣ በስንት ጊዜ ይጫናል? መረጃዬን የከፈተ ሠራተኛ ስሙና ሰዓቱ ይመዘገባል? እነዚህን መጠየቅ የሕግ መሠረት አለው። የኢትዮጵያ ዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 የመታወቂያ ሥርዓቱን አሠራር ይደነግጋል፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ መረጃው የሚሰበሰብበት ሰው ስለ እርሱ የተያዘውን የማወቅና የተሳሳተውን የማስታረም መብት እንዳለው ያረጋግጣል። ይህን አዋጅ የማስፈጸም ኃላፊነት የተሰጠውም ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው።

ይህ ሁሉ ሆኖ፣ ሁለት ዓመት ደክሞ የጓሮ በር የሚሠራ አጥቂ የሚያነጣጥረው በትላልቅ ሥርዓቶች ላይ ነው። የአንድን ግለሰብ መረጃ የሚፈልግ አጭበርባሪ ኮድ ማንበብ አያስፈልገውም፤ ከዚያ የቀለሉ መንገዶች አሉት።

ከእነዚህ መካከል አነስተኛ ትኩረት የሚሰጠው በጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤቶች የሚቀረው ሰነድ ነው። ተገልጋዩ ፓስፖርቱን፣ የልደት የምስክር ወረቀቱንና መታወቂያውን በቴሌግራም ወደ ሱቁ አካውንት ይልካል፤ ታትሞ ይሰጠዋል፤ ሒሳቡን ከፍሎ ይወጣል። ሰነዶቹ ግን በሱቁ አካውንትና በኮምፒውተሩ የማውረጃ ፎልደር ውስጥ ይቀራሉ፤ ከእርሱ በኋላ የገባ ማንኛውም ደንበኛ አጠገባቸው ይቀመጣል። የሱቁ ባለቤት ክፉ ሰው መሆን አያስፈልገውም። ሰነድ ሲልኩ በቴሌግራም «ለሁለቱም ወገን ሰርዝ» የሚለውን ተጠቅመው ከመውጣትዎ በፊት ይሰርዙት፤ የወረደው ፋይልም በፊትዎ እንዲሰረዝ፣ ከኮምፒውተሩ የቆሻሻ ማጠራቀሚያም እንዲወገድ ይጠይቁ። ሠራተኛውን መጠየቅ እንደ ነውር መታየት የለበትም። ፍላሽ ከተጠቀሙም ወደ ሱቁ የሚወስዱት የሚታተመው ሰነድ ብቻ ያለበትን ይሁን።

ሁለተኛው በስልክ የሚላከው የአንድ ጊዜ የማረጋገጫ ኮድ ነው። ባለ 12 አኃዝ የፋይዳ ቁጥርዎን ያወቀ ሰው በቁጥሩ ብቻ ብዙ ሊያደርግ አይችልም፤ ከዚህ ጋር በስልክዎ የደረሰውን ኮድ ከጨመሩለት ግን በእርስዎ ስም ሊቀርብ ይችላል። ስለዚህ እርስዎ ራስዎ ባልጀመሩት ጉዳይ የመጣ ኮድ ለማንም አይነገርም፤ ደዋዩ የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ ነኝ ቢልም፣ ስምዎንና ሰፈርዎን አስተካክሎ ቢጠራም።

ሦስተኛው አስመሳይ መተግበሪያ ነው። የአንድ አገልግሎት መለያ ምልክትና ቀለም ኮዱ ክፍት ሆነም አልሆነ ሊገለበጥ ይችላል፤ ለዚህም ነው መተግበሪያን በቴሌግራም ቻናል ከተላከ ፋይል ሳይሆን ከፕሌይ ስቶር ወይም ከአፕ ስቶር፣ የአሳታሚውን ስም አይቶ መጫን የሚገባው።

ከላይ ስለ ማሻሻያ የተነገረው የተገልጋዩን ስልክም ይመለከታል። በአንድሮይድ ስልክ ሴቲንግ ውስጥ ገብተው ስለ ስልኩ የሚገልጸውን ክፍል ሲከፍቱ፣ ከአንድሮይድ እትሙ ጋር በስልኩ ላይ ያለው የደኅንነት ማሻሻያ የሚገኝበትን ቀን ያገኛሉ። ቀኑ ከጥቂት ወራት ያልበለጠ ከሆነ መልካም ነው። ካለፈ፣ ዋይፋይ በሚያገኙበት ጊዜ በሶፍትዌር ማሻሻያ ክፍል አዲስ መኖሩን ይፈትሹና ይጫኑ። አምራቹ ለስልክዎ ማሻሻያ መላክ ካቆመ ዓመታት ያለፉ ከሆነ ደግሞ፣ ስልኩን ለመደወልና ለማንበብ እየተጠቀሙ የባንክና የመታወቂያ መተግበሪያዎችን ማሻሻያ በሚደርሰው ሌላ ስልክ ላይ ማድረጉ ይመረጣል።