ሴሽን ሳይቋረጥ የራውተር የመንገድ መረጣ ፖሊሲን መለወጥ

ከመቐለ የሚነሣ የኢንተርኔት ትራፊክ ወደ ባሕር ሰርጓጅ ገመዶች የሚደርሰው ረጅም የየብስ መስመርንና የጎረቤት አገርን ምድር አቋርጦ ነው። አማራጭ መውጫዎች ጥቂት በሆኑበት አካባቢ፣ በአንድ ዩኒቨርሲቲ የዳር ራውተር ላይ የሚደረግ አነስተኛ የፖሊሲ ለውጥ እንኳ በአግባቡ ካልተተገበረ የመላውን ካምፓስ ግንኙነት ሊያናጋ ይችላል። ይህ ጽሑፍ ኔትወርኮች መንገድ በሚለዋወጡበት በቢጂፒ ፕሮቶኮል ላይ ሴሽን ሳይቋረጥ ፖሊሲ እንዴት እንደሚለወጥ ያብራራል።

አንድ የመቐለ ካምፓስ ሁለት መውጫዎች አሉት እንበል፤ አንዱ በኢትዮ ቴሌኮም የንግድ መስመር፣ ሌላው በኢትዮጵያ የትምህርትና ምርምር ኔትወርክ በኩል። ባለሙያው ወደ ምርምር ተቋማት የሚሄደው ትራፊክ በሁለተኛው እንዲወጣ፣ ሎካል ፕሪፈረንስ የተባለውን የቅድሚያ ዋጋ ከፍ ያደርጋል። ትእዛዙ ቢመዘገብም በብዙ ራውተሮች ላይ ወዲያው የሚታይ ለውጥ የለም። የገቢ ፖሊሲ የሚሠራው መንገዶች ከጎረቤት ራውተር ሲደርሱ ነው፤ ቢጂፒ ደግሞ አንድን መንገድ አንዴ ካስተላለፈ፣ ለውጥ ካልተከሰተ በቀር፣ ደግሞ አይልክም። ስለዚህ ቀድመው የገቡት መንገዶች በአሮጌው ፖሊሲ እንደተመዘኑ ይቀራሉ።

ቀላሉ መፍትሔ ሴሽኑን አቋርጦ እንደገና ማስጀመር ነው፤ ዋጋው ግን ከባድ ነው። በፖርት 179 የሚመሠረተው የቲሲፒ ግንኙነት ሲዘጋ ከዚያ ጎረቤት የተገኙት መንገዶች ሁሉ ይሰረዛሉ። ጎረቤቱም በዚህ ሴሽን የተቀበላቸውን የካምፓሱን አድራሻዎች ይሰርዛል፤ ለውጡም ወደ ሌሎች ኔትወርኮች ሊዛመት ይችላል። ሙሉው የዓለም ሠንጠረዥ ከ900,000 በላይ የአይፒቪ4 መንገዶችን ስለሚይዝ፣ እንደገና ተቀብሎ መመዘኑ ደቂቃዎችን ሊወስድ ይችላል። መቆራረጡ ከተደጋገመም የሚዋዥቁ መንገዶችን የሚያግዱ ኔትወርኮች አድራሻዎቹን ለጊዜው ሊዘጉ ይችላሉ።

ሴሽኑን ሳይነኩ ፖሊሲን ለመተግበር ሁለት ዘዴዎች አሉ። የመጀመሪያው ከጎረቤት የደረሱትን መንገዶች ከማጣራት በፊት እንዳሉ በማስታወሻ ማኖር ነው፤ ፖሊሲው ሲለወጥ ራውተሩ ከራሱ ቅጂ እንደገና ይመዝናቸዋል። ጁኖስ ይህን በነባሪነት ያደርጋል፤ በሲስኮ አይኦኤስ ግን ለየጎረቤቱ መታዘዝ አለበት፣ ተጨማሪ ማስታወሻም ይፈጃል። ሁለተኛው እ.ኤ.አ. በ2000 በአርኤፍሲ 2918 የተደነገገው የመንገድ ማደስ ጥያቄ ነው፤ ራውተሩ ጎረቤቱን መንገዶቹን ደግሞ እንዲልክለት ይጠይቃል፣ ሴሽኑም እንደቆመ ይቀጥላል። የወጪ ፖሊሲ ሲለወጥ ሥራው ይቀልላል፤ ራውተሩ የራሱን ሠንጠረዥ መዝኖ ለውጡን ያስተላልፋል።

ሆኖም ሁሉም ለውጥ በዚህ መንገድ አይፈጸምም። የሁለቱ ራውተሮች አቅም የሚነገረው ሴሽኑ ሲከፈት ስለሆነ፣ በነባር ሴሽን ላይ እንደ አይፒቪ6 ያለ አዲስ የአድራሻ ቤተሰብ መጨመር አብዛኛውን ጊዜ ሴሽኑን እንደገና ማስጀመርን ይጠይቃል። ስለዚህ ጎረቤቱ የማደስ ጥያቄን መቀበሉ ከለውጡ በፊት ሊረጋገጥ ይገባል።

የሴሽን መቆም ብቻውን የአገልግሎት ማረጋገጫ አለመሆኑም መዘንጋት የለበትም። የተሳሳተ ማጣሪያ ሴሽኑን ሳይነካ መንገዶችን ሁሉ ሊያስቀር ይችላል፤ የሴሽንን ሁኔታ ብቻ የሚከታተል ሥርዓትም ማስጠንቀቂያ አይሰጥም። በመሆኑም ለውጡ በአንድ ጎረቤትና በአንድ አቅጣጫ ተወስኖ መጀመር፣ ከለውጡ በፊትና በኋላ ያለው የመንገዶች ብዛትም መነጻጸር አለበት።