ዊንዶውስ ከ‹‹ዲ›› ወደ ‹‹ሲ›› ሲጫን የነጋዴው ሒሳብ የት ይደር?

ቱሉ ዲምቱ የአዲስ አዳማ የክፍያ መንገድ መግቢያ በመሆኑ በዙሪያው ያሉት መጋዘኖች፣ የሕንጻ መሣሪያ መደብሮችና የትራንስፖርት ቢሮዎች ሥራቸው ሁሉ ከጭነት መኪና ጋር ይመስላል። ዱቤው፣ ግዥውና ሽያጩ ተመዝግቦ የሚገኘው ግን ቢሮው ጥግ ባለች አንዲት ኮምፒዩተር ውስጥ ነው። ኮምፒዩተሯ አንድ ቀን ማለዳ አልነሳም ትላለች፣ ወይም አንድ ወረቀት ለማተም ሩብ ሰዓት ታስጠብቃለች። ባለሙያ ይጠራል፤ መልሱም አብዛኛውን ጊዜ ‹‹ፎርማት ይደረግ›› ነው።

ቃሉ አሁን ገበያ ያገኘበት ምክንያት አለው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጠው የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። የደኅንነት ማሻሻያው እንዲቀጥልላቸው ለሚፈልጉ ድርጅቶች የተተመነው ዋጋ በአንድ ኮምፒዩተር ለመጀመሪያው ዓመት 61 ዶላር ሲሆን፣ በየዓመቱ እጥፍ እየሆነ ቢበዛ ሦስት ዓመት ይዘልቃል። ደምረን ብናየው 427 ዶላር ነው፤ በዚህ ገንዘብ ያገለገለ ማሽን ይገዛል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቢያንስ 4 ጊጋባይት ሚሞሪ፣ 64 ጊጋባይት የዲስክ ቦታና ቲፒኤም 2.0 የተባለውን የደኅንነት ቺፕ ይጠይቃል፤ ከኢንቴል ፕሮሰሰሮችም በጥቅሉ ከስምንተኛው ትውልድ በታች ያሉትን አይቀበልም። አዲስ ይገዛ እንዳይባል፣ ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑን ለገበያ ከለቀቀ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋው የት እንደደረሰ ነጋዴው ከእኛ በላይ ያውቀዋል። ስለዚህም ብዙው ያለውን ማሽን አጽድቶ እንደገና ማስጫንን ይመርጣል።

ለመሆኑ ሥራው እንዴት ይከናወናል? ሃርድ ዲስክ አብዛኛውን ጊዜ ለሁለት ተከፍሎ ይቀመጣል። ‹‹ሲ›› የሚባለው ክፍል ዊንዶውስንና ፕሮግራሞቹን ሲይዝ፣ ‹‹ዲ›› የሰነድ ማከማቻ ይሆናል። የተለመደው አሠራር በፍላሽ መጫን ነው። ፍላሽ ባይኖር ግን መጫኛውን ፋይል ከማይክሮሶፍት ገጽ አውርዶ በ‹‹ዲ›› ላይ ማስቀመጥና ከዚያው ወደ ‹‹ሲ›› መጫን ይቻላል።

መንገዱ ሁለት ነው። አንደኛው፣ ኮምፒዩተሩ እየሠራ ሳለ መጫኛውን ከ‹‹ዲ›› ላይ መክፈት ነው። ፕሮግራሙ ምን ይቆይ ብሎ ይጠይቃል፤ ሰነድም ፕሮግራምም ይቆይ ማለት ይቻላል። አሮጌው ዊንዶውስ በ‹‹ሲ›› ላይ በተለየ ማኅደር ስለሚቀመጥ ባለቤቱ ካልወደደው በ10 ቀን ውስጥ ወደ ቀድሞው መመለስ ይችላል። ሁለተኛው ጠንከር ያለ ነው። ከ‹‹ዲ›› ላይ ጥቂት ጊጋባይት ተቆርጦ ራሱን የቻለ ክፍል ይበጃል፣ መጫኛው በሙሉ ይገለበጥበታል፣ ኮምፒዩተሩም ከዚያ ክፍል እንዲነሳ ይታዘዛል፤ ከዚያ በኋላ ‹‹ሲ›› ሙሉ በሙሉ ይጠፋና አዲሱ ይሰፍራል። ይህ ሁሉ መዘጋጀት ያለበት ማሽኑ ጨርሶ ሳይሞት ነው። ከሞተ ፍላሽ መፈለግ ግድ ነው።

አደጋው ያለው እዚህ ሁለተኛው መንገድ ላይ ነው። በመጫኛው ሰሌዳ ላይ ‹‹ሲ›› እና ‹‹ዲ›› የሚባሉት ፊደሎች አይታዩም። የሚታየው ‹‹ድራይቭ 0፣ ፓርቲሽን 3›› የሚል ተራ ቁጥርና መጠን ብቻ ነው። 500 ጊጋባይት ዲስክ እኩል ለሁለት የተከፈለበት ቤት ሁለቱም 232 ገደማ ብለው ይመጣሉ፤ የተቻኮለ ባለሙያ ሰነዱን የያዘውን ክፍል ይሰርዘዋል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ አስቀድሞ ለ‹‹ዲ›› ስም መስጠትና የሁለቱንም መጠን በወረቀት መጻፍ። ዲስኩ በቢትሎከር ተቆልፎ ከሆነም 48 አሃዝ ያለውን የመክፈቻ ቁጥር መያዝ ይገባል፤ ያለዚያ ‹‹ዲ›› ሳይነካም ላይከፈት ይችላል።

‹‹ሰነዱ ዲ ላይ ስላለ አይጠፋም›› የሚለው የሰፈር ማጽናኛም መታረም አለበት። አንድ መጋዘን መሀሉ ላይ ግድግዳ ስለተሠራበት ሁለት መጋዘን አይሆንም፤ ጣሪያው ሲያፈስ ሁለቱም ክፍል ይበሰብሳል። ዲስኩ አንድ ነው። ከዚያም በላይ ነጋዴው ‹‹ዲ›› ላይ ነው የሚለው ሰነድ ብዙ ጊዜ እዚያ የለም። ዴስክቶፕ ላይ የተቀመጠ ደብዳቤና የዋጋ ማቅረቢያ ያለው ‹‹ሲ›› ላይ ነው። ፒችትሪም ሲጫን ሌላ ቦታ ካልተመረጠለት የሒሳብ መረጃውን እዚያው ‹‹ሲ›› ላይ ያኖራል። በግብር አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 መሠረት ሒሳብ የመያዝ ግዴታ ያለበት ግብር ከፋይ መዝገቡን ለዓመታት ጠብቆ ማቆየት አለበት። ‹‹ባለሙያው አጠፋው›› የሚለው ቃል ደግሞ ኦዲተር ፊት የሚያዋጣ አይመስለንም።

የመብራት ነገርም አለ። ተከላው ተጋምሶ ኃይል ቢቋረጥ ‹‹ሲ›› አሮጌውም አዲሱም የሌለበት ሆኖ ሊቀር ይችላል። ዩፒኤስ የሌለው ቢሮ ላፕቶፕ ካልሆነ በቀር ማሽኑን ዩፒኤስ ወዳለበት ወስዶ ማስጫኑ ይሻለዋል።

ከሁሉ በፊት ግን ሒሳብ ሹሙ ከፒችትሪ ባክአፕ አውጥቶ በሌላ ዲስክ ወይም ፍላሽ ይያዝ። መያዙ ብቻም አይበቃም፤ ባክአፑን በሌላ ኮምፒዩተር ላይ አስከፍቶ የባንክና የደንበኞችን ቀሪ ሒሳብ አስቀድሞ ከታተመው ወረቀት ጋር ያመሳክር። ቁጥሩ ካልገጠመ ፎርማቱ ለነገ ይደር።