ትንንሽ የኃይል ምንጮች ከዋናው መስመር ጋር በምን ውል ይገናኙ?

ስለ ኤሌክትሪክ ስንነጋገር ሐሳባችን ወዲያውኑ የሚሄደው ወደ ታላላቅ ጣቢያዎች ነው። የጣናን ውሃ ወደ በለስ ወንዝ እያወረደ ኃይል የሚያመነጨውና በ2002 ዓ.ም. የተመረቀው የጣና በለስ ጣቢያ 460 ሜጋ ዋት አቅም አለው። ነገር ግን ከፀሐይ፣ ከነፋስና ከትንንሽ ወንዞችም በየቀበሌው ኃይል ሊመነጭ ይችላል።

ለምሳሌ ያህል፣ በዘንገና ሐይቅ አካባቢ ላሉ መንደሮች ኃይል የሚያደርስ አንድ መስመር አለ እንበል። መስመሩ ከመንደሮቹ የተረፈውን መልሶ ለማሳለፍ የሚችለው 5 ሜጋ ዋት ብቻ ነው፤ መንደሮቹም ቢያንስ 1 ሜጋ ዋት ይጠቀማሉ። እንግዲህ በማናቸውም ሰዓት ያለ ሥጋት የሚገባው 6 ሜጋ ዋት ነው ማለት ነው። የ8 ሜጋ ዋት የፀሐይ ጣቢያ የሚተክል ሰው ቢመጣ፣ በተለመደው ደንብ «መስመሩ እስኪሰፋ ቆይ» ይባላል። በተለዋዋጭ ውል ግን 8ቱንም ይተክላል። ወፍጮዎቹ ሲሠሩ ፍጆታው 3 ሜጋ ዋት ከደረሰ ሁሉንም ይልካል፤ ፍጆታው ወደ 1 ሲወርድ ወደ 6 ይቀንሳል። ካልቀነሰ ሽቦው ከልክ በላይ ይግላል፤ ቮልቴጁም ከፍ ብሎ የሰውን ዕቃ ሊያቃጥል ይችላል።

ይህ ሕልም አይደለም። በስኮትላንድ ኦርክኒ ደሴቶች ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ መሣሪያ መስመሩን እየለካ የነፋስ ማመንጫዎችን «ቀንሱ» ብሎ ማዘዝ ጀምሯል።

ታዲያ ማን አስቀድሞ ይቀንስ? በመስኖ አገር የውሃ አባት ተራ ያከፋፍላል፤ እዚህም ዳኛ ያስፈልጋል። በኦርክኒ በኋላ የመጣው አስቀድሞ እንዲቀንስ ተደረገ። ይህ ቀድሞ ገንዘቡን ያፈሰሰውን ይጠብቃል፤ ዘግይቶ የመጣውን የገበሬዎች ማኅበር ግን ይጎዳል። ሁሉም እንደ አቅሙ በእኩል መጠን ይቀንስ ቢባል ደግሞ፣ አዲስ በመጣ ቁጥር የቀድሞው ገቢ ይሸረሸራል።

ጉዳዩ ለእኛም ሩቅ አይደለም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው ብሔራዊ የኤሌክትሪክ ፕሮግራም እስከ 2017 ዓ.ም. 65 በመቶው ሕዝብ ከዋናው መስመር፣ 35 በመቶው ከመስመሩ ውጭ ካሉ ምንጮች ኃይል እንዲያገኝ አቅዶ ነበር። ጊዜው አለፈ፤ ብዙ መንደሮች ግን ዛሬም በኩራዝ ያመሻሉ። አንድ መንደር በራሱ የፀሐይ ጣቢያ መብራት አግኝቶ ሳለ ዋናው መስመር በመጨረሻ ቢደርስለት፣ ያ ጣቢያ ይጣላል ወይስ ይገናኛል? መልሱ የሚገኘው በሽቦው ውስጥ ብቻ ሳይሆን በውሉም ውስጥ ነው። ስለዚህ ነገሩ የምሕንድስና ተማሪን ብቻ ሳይሆን የሕግና የኤኮኖሚ ተማሪንም ይመለከታል።