ደብረ ዘይት፣ አንድ ሰው!

ጠጋ በሉማ። ድምፄን ዝቅ የማደርገው ወድጄ አይደለም፤ የሰፈሬ ሰው ከሰማኝ ያኮርፈኛል።

ቢሾፍቱን ታውቋታላችሁ አይደል? ቅዳሜ ትመጣላችሁ፣ ባቦጋያ ወይም ኩሪፍቱ ሐይቅ ዳር ዓሣ ትበላላችሁ፣ ፎቶ ትነሳላችሁ፣ እሑድ ማታ «ምናለ እዚህ በኖርኩ!» እያላችሁ ትመለሳላችሁ። እኔ እዚያው ነው የምኖረው። ሥራዬ ግን አዲስ አበባ ነው። ሐይቁን ለመጨረሻ ጊዜ ያየሁት መቼ እንደሆነ ለጊዜው አትጠይቁኝ።

ከስሟ ልጀምር። ታፔላው «ቢሾፍቱ» ይላል። እ.ኤ.አ. በ1955 በጃንሆይ ዘመን «ደብረ ዘይት» ተባለች፤ በኋላ የጥንት ስሟ ተመለሰላት። ቃሊቲ መናኸሪያ ግን ይህን የነገረው ያለ አይመስልም፤ ረዳቱ ዛሬም «ደብረ ዘይት! ደብረ ዘይት! አንድ ሰው!» እያለ ይጮኻል። ጉዱ ያለው ስሙ ላይ መሰላችሁ? «አንድ ሰው» የምትለዋ ላይ ነው። ገብታችሁ ዞር ስትሉ አራት ወንበር ባዶ ነው። ጋቢና የተቀመጡት ሁለት ጎረምሶችም እናንተ ስትደላደሉ ቀስ ብለው ይወርዳሉ። ለካ ማድመቂያ ናቸው! አንድ ቀን አላስችል ብሎኝ ረዳቱን «አንድ ሰው አላልክም እንዴ?» አልኩት። «አዎ እናቴ፣ አንዷ አንቺ ነሽ» ብሎኝ አረፈው።

መንገዱም የራሱ ጉድ አለው። ርቀቱ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የተከፈተው ፈጣን መንገድ አለላችሁ። «በፈጣን ነው?» ትላላችሁ። «በፈጣን ነው፣ ግቡ!» ይላል። ከዚያ እንቅልፍ ሸለብ ሲያደርጋችሁ ሹፌሩ ቱሉ ዲምቱ ላይ ፈጣኑን ትቶ በአሮጌው ቀጥ ይላል። የመንገዱ ክፍያ ኪሱ ቀረች ማለት ነው። እኛ ሰዓት አናይም፤ ዓይናችንን ስንገልጥ የዱከም ሥጋ ቤቶች ከተደረደሩ ተሸውደናል።

«ባቡርስ?» እንዳትሉኝ። የጅቡቲው ባቡር እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ ሲገባ እኛ ጋ ጣቢያ ነበረው፤ ከተማዋን ያፈካትም እሱ ነው። አዲሱ ኤሌክትሪክ ባቡርም በደጃችን ያልፋል። ያልፋል ነው ያልኩት። እሱ የሚነሳው ለቡ፣ ሐሳቡ ድሬዳዋና ጅቡቲ ነው፤ 2 ሰዓት ላይ ቢሮ ገብቶ ለሚፈርም ሰው ደንታ የለውም። ስለዚህ የእኛ ዋና ሀብት ሐይቅ አይደለም፣ ሰርቪስ ነው። መሥሪያ ቤቱ ሰርቪስ ያለው ሰው ለጋብቻ ሳይቀር ይፈለጋል። እየሳቃችሁ ነው? እኔ ግን የምሬን ነው።

የእኛን ሰው መለየት ትፈልጋላችሁ? ጃኬቱን እዩ። ከተማችን ከአዲስ አበባ 400 ሜትር ያህል ዝቅ ትላለች። እንግዳ በካናቴራ ወርዶ ማታ እየተንቀጠቀጠ ይመለሳል። ተመላላሹ ግን ሐምሌም ሆነ ሚያዝያ ጃኬት ከክንዱ አይለየውም፤ ጠዋት ቃሊቲ ሲደርስ ይለብሳል፣ ማታ ዱከምን ሲያልፍ ያወልቃል። ቤት ሆኜ አለቃዬ ስልክ ሲደውልልኝ ደግሞ ወሬያችን መሃል ላይ ጆሮ የሚበጥስ ጩኸት ይመጣል። «ኔትወርክ ነው?» ይለኛል። «አይ፣ አየር ኃይል ነው።» ጦር ሰፈሩ ሐረር ሜዳ ነዋ! ስዊድናዊው ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን ከጣሊያን ወረራ በኋላ አየር ኃይሉን ሲያደራጅ ከዋለበት ቦታ ጋር ጎረቤት ነን።

አሁን ትልቁን ልንገራችሁ። ከእኔ ሰማን እንዳትሉ። አብዛኞቹ ሐይቆቻችን የእሳተ ገሞራ አፍ ናቸው፤ ቢሾፍቱ ሐይቅ ብቻውን ከ80 ሜትር በላይ ይጠልቃል። ከታች ያለው ውሃ ኦክስጅን የለውም። አንዳንድ ዓመት በታኅሣሥና በጥር ብርድ የላይኛው ውሃ ይቀዘቅዛል፣ ነፋስ ይነሳል፣ ላይና ታች ይደባለቃል። ያኔ ዓሣው ሆዱን ገልብጦ ይንሳፈፋል፤ ዳርቻው የተበላሸ እንቁላል ይሸታል። የእኔ ምክር አጭር ነው፦ በዚያ ሳምንት አስተናጋጁ «ዛሬ ዓሣው ልዩ ነው» ካላችሁ፣ ጥብስ እዘዙ። ጨለለቃን ደግሞ በክረምት ሐይቅ፣ በበጋ መስክ ሆና ታገኟታላችሁ፤ «ሐይቅ የሚያይ መሬት» የሚል ደላላ ከገጠማችሁ በየትኛው ወር እንደሚያይ ጠይቁት። አቡሴራ ላይ ስለታቀደው ግዙፍ አየር ማረፊያ ከተወራ ወዲህማ ደላሎቻችን ሹክ ካላሉ በቀር በደህና ድምፅ ማውራት ትተዋል።

እሺ፣ ሐይቁን መቼ እንዳየሁት ልናዘዝ። በቀደም አለቃዬ ቤተሰቡን ይዞ መጣና «የሚያምረውን ቦታ አሳዪን» አለኝ። ፈገግ ብዬ ከፊት መራሁ፤ ከመኪናው ወርጄ ግን የባጃጁን ልጅ «አባቴ፣ ወደ ሆራ በየት በኩል ነበር?» ብዬ በሹክሹክታ ጠየቅሁት። ሆራ አርሰዲን፣ ለኢሬቻ ስንት ሕዝብ የሚጎርፍበትን! አለቃዬ ውሃው ዳር ቆመና በረጅሙ ተነፈሰ። «ታድለሽ፣ በየቀኑ ታዪዋለሽ።»

«አዎ» አልኩት። ምን ልበል? እኛ ለእንግዳ የምናሳየው ሐይቁን ነው፤ የሰርቪሱን ሰልፍ አናሳይም።

ሰኞ ከሌሊቱ 11 ሰዓት መናኸሪያ ቆሜያለሁ፣ ጃኬቴ ክንዴ ላይ። «ቃሊቲ፣ አንድ ሰው!» አለ ረዳቱ። በመስኮት አየሁ፤ ዘጠኝ ወንበር ባዶ ነው። ገባሁ።