የሕዝብ ሠረገላ፤ ስለ ቮልስዋገን አውቶሞቢል ታሪክና ዝና

በዋግ አገር፥ በሰቆጣና በዙሪያው፥ የሰው ክብር ከመቀመጫው ይታወቅ ነበር። ዋግሹሞቹ ከዛጔ ነገሥታት ዘር የሚወለዱ ስለ ሆነ በንጉሠ ነገሥቱ ፊት በብር ወንበር የመቀመጥ መብት እንደ ነበራቸው በአገሩ ሲነገር ኖሯል። ባላባቱም ከቤቱ ሲወጣ በቅሎው በምን ዓይነት ኮርቻ እንደ ተጫነች፥ ስንት አሽከርም እንደሚከተላት አይቶ መንገደኛው ማን እንደሚያልፍ ያውቅ ነበር። አውቶሞቢል ወደ አገራችን ከገባ ወዲህም ይህ ልማድ ከኮርቻ ወደ ሞተር ተዛወረ እንጂ አልጠፋም። ትልቅ ሰው በትልቅ አውቶሞቢል ይሄዳል፤ ትንሽ ሰው በእግሩ ይሄዳል።

እኛ ግን በዚህ በቤተ ሰብ ገጻችን ላይ ለአንባቢዎቻችን የምንተርከው በጣም ትንሽና ርካሽ፥ ጌጥም የሌላት ስለ ሆነች ስለ አንዲት የጀርመን አውቶሞቢል ነው። ስሟ ቮልስዋገን ሲሆን ሕዝባችን አሳጥሮ ቮልስ ይላታል። ትርጓሜውም የሕዝብ ሠረገላ ማለት ነው። የዋግ ሰው በዚህ ነገር ምን አገባው የሚል አንባቢ ቢኖር ጥቂት ይታገሠን፤ የዋግና የወሎ ረኀብ ከዚህች ትንሽ አውቶሞቢል ጋራ አንድ ቀን በኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ደጃፍ ተገናኝቷልና። በጀርመን የተደረገውን በኤውሮፓ አቈጣጠር፥ በኢትዮጵያ የተደረገውን በራሳችን አቈጣጠር እንጽፋለን።

አውቶሞቢል መሥራትን ለዓለም ካሳዩት አገሮች ጀርመን ቀዳሚዋ ናት። ካርል ቤንስ የተባለው መሐንዲስ በ1886 ዓ.ም. ባለ ሦስት ጎማ የሞተር ሠረገላ ሠርቶ የፈጠራ መብት አገኘ። በ1888 ዓ.ም. ሚስቱ ወይዘሮ ቤርታ ለባሏ ሳትነግር ሁለቱን ወንዶች ልጆቿን ይዛ ከማንሃይም እስከ ፕፎርትስሃይም ድረስ 100 ኪሎ ሜትር የሚያህል መንገድ በዚሁ ሠረገላ ሄደች። ለሞተሩ የሚሆነውን ነዳጅ የገዛችው ከመድኃኒት ቤት ነው፤ ቧንቧው በተደፈነ ጊዜም የከፈተችው በባርኔጣዋ መርፌ ነው። በዓለም በአውቶሞቢል ሩቅ መንገድ ተጓዘ ተብሎ ስሙ በመጀመሪያ የሚነሣው ሰው እንግዲህ ልጆቿን ይዛ የወጣች እናት ናት፤ ሴት ልጅ መሪ መያዝ አይገባትም የሚሉ ወንድሞቻችን ይህን ልብ ይበሉ። ይሁን እንጂ ከዚያ በኋላ እስከ 1930ዎቹ ዓመታት ድረስ አውቶሞቢል በጀርመን የባለጸጋ ዕቃ ሆኖ ቈየ። የሠራተኛው ቤተ ሰብ በብስክሌትና በባቡር ብቻ ይሄድ ነበር።

ይህን ጕድለት አይቶ ለራሱ ጥቅም ያዋለው አዶልፍ ሂትለር ነው። ሥልጣን ከያዘ በኋላ አባትና እናት ከሦስት ልጆች ጋራ የሚቀመጡባት፥ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የምትሮጥ፥ ዋጋዋም ከ1,000 ማርክ የማይበልጥ አውቶሞቢል እንድትሠራ ፈለገ። ሥራውም በ1934 ዓ.ም. ለፌርዲናንድ ፖርሸ ተሰጠ። ለፋብሪካው ማሠሪያ የዋለው ገንዘብ ከፈረሱት የሠራተኞች ማኅበሮች የተወረሰ ሀብት ነበረበት። በግንቦት 26 ቀን 1938 ዓ.ም. ሂትለር ራሱ የመሠረቱን ድንጋይ አኖረ።

አሁን ስለ ቤተ ሰብ ገንዘብ እንናገር። የአውቶሞቢሏ ዋጋ 990 ማርክ ነው ተባለ። ድኻው ይህን ሁሉ በአንድ ጊዜ ሊያወጣ ስለማይችል በየሳምንቱ 5 ማርክ እየከፈለ በደብተሩ ላይ ቴምብር እንዲለጥፍ፥ ደብተሩም በሞላ ጊዜ አውቶሞቢሉን እንዲረከብ ታዘዘ። ነገሩ የእኛን አገር ዕቁብ ይመስላል፤ ነገር ግን ዕጣው ለማንም የማይወጣ ዕቁብ ነበረ። 336,000 የሚያህሉ ሰዎች ከልጆቻቸው አፍ እየቀነሱ ከፈሉ፤ ከእነርሱም መካከል በዚያ ደብተር አውቶሞቢል የተቀበለ አንድም ሰው የለም። ጦርነቱ በ1939 ዓ.ም. ተነሣና ፋብሪካው ለሕዝብ የተባለውን ትቶ ለወታደሩ መሥራት ያዘ፤ ኩብልዋገን የተባለውን የጦር አውቶሞቢል ብቻ ከ50,000 በላይ ሠርቶ አስረከበ።

ሥራውን የሠራው እጅ የማን እንደ ነበረ መሰወር አይገባም። በጦርነቱ ዘመን ከፖላንድ፥ ከሶቪየት ኅብረትና ከሌሎች አገሮች በግድ የመጡ ሰዎች፥ የጦር ምርኮኞችና ከእስር ሰፈር የተወሰዱ እስረኞች፥ በድምሩ 20,000 የሚያህሉ፥ በዚህ ፋብሪካ ደክመዋል። ከሴቶቹ አንዳንዶቹ በዚያው ወለዱ። ሕፃናቱን ከእናቶቻቸው እየነጠሉ በኋላ ሪውን ወደ ተባለች መንደር ወስደው በአንድ የሕፃናት ማቈያ አጎሩአቸው። እናቶቹ ወደ ሥራ ተመለሱ፤ ሕፃናቱ በንጽሕና ጕድለትና በበሽታ አለቁ። በዚያ ቦታ የሞቱት ሕፃናት ቍጥር 350 ያህል ነው። ኀላፊው የፋብሪካው ሐኪም ዶክቶር ሃንስ ኬርቤል በእንግሊዝ የጦር ፍርድ ቤት ተፈርዶበት በ1947 ዓ.ም. በሞት ተቀጣ። ይህን በቤተ ሰብ ገጽ ላይ መጻፋችን ያስከፋው አንባቢ ቢኖር፥ ከዚህ የሚበልጥ የቤተ ሰብ ጕዳይ አላገኘንም እንለዋለን።

ጦርነቱ ሲያልቅ በቦምብ ግማሹ የፈረሰው ፋብሪካ በእንግሊዞች እጅ ወደቀ። ከተማውም በአጠገቡ ባለው በአሮጌው ግንብ ስም ቮልፍስቡርግ ተባለ። ኢቫን ሂርስት የሚባል እንግሊዛዊ ሻለቃ ፍርስራሹን አስጠርጎ ከአውቶሞቢሎቹ አንዷን ለአለቆቹ አሳየ፤ እነርሱም ለሠራዊታቸው አገልግሎት 20,000 እንዲሠሩ አዘዙ። የእንግሊዝ የአውቶሞቢል ባለሙያዎች ግን መርምረው ይህች አስቀያሚና ጩኸታም ነገር ገዢ አታገኝም ብለው ፋብሪካውን ሳይወስዱት ቀሩ። ከጥር 1948 ዓ.ም. ጀምሮ ሃይንሪሽ ኖርድሆፍ የተባለው ጀርመናዊ ሥራውን ያዘ። በነሐሴ 1955 ዓ.ም. ሚሊዮነኛዋ ቮልስ ተሠርታ ወጣች። ንቀውት የሄዱት ሰዎች በዚያን ቀን ምን እንዳሉ መስማት በወደድን ነበር። እነዚያ ደብተር የያዙ ቈጣቢዎችም ለብዙ ዓመት ከተሟገቱ በኋላ በ1961 ዓ.ም. በስምምነት ጨረሱ፤ አዲስ አውቶሞቢል ለሚገዛ እስከ 600 ማርክ የዋጋ ቅናሽ፥ ገንዘብ ለመረጠም እስከ 100 ማርክ ተሰጠው። ከተቀበሩት ግን የተቀበለ የለም።

ወደ ኢትዮጵያ የመጣችው ቮልስ ይህን ሁሉ ታሪክ በግንባሯ ጽፋ አልመጣችም። የአዲስ አበባ ሰው ያየው ጥንዚዛ የመሰለ፥ ዝገት ቶሎ የማይበግረው፥ ቢበላሽም ማንኛውም ጋራዥ የሚያበጀው ነገር ነው። ሞተሯ በስተኋላ፥ ዕቃ መጫኛዋ በስተፊት ነው። ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው ውሃ ሳይሆን የማራገቢያ ነፋስ ስለ ሆነ ራዲያተር የላትም፤ ዳገት ላይ ውሃው ፈላ ተብሎ ሰው ጀሪካን ይዞ ወንዝ አይወርድላትም። የሞተሩ ክብደት በሚነዱት በኋላ ጎማዎች ላይ ስለሚያርፍ በጭቃና በጠጠር መንገድ ይዛ ትወጣለች። ማራገቢያውን የሚያዞረው ቺንጋ ከተበጠሰ ግን ባለቤቱ ወዲያው ይቁም፤ ካልቆመ ሞተሩ ይነድዳል። የመጀመሪያዎቹ ሞተሮች ኀይል 25 ፈረስ ያህል ብቻ ስለ ነበረ፥ አየሩ በሚሳሳበት እንደ ሰቆጣ ከ2,200 ሜትር በላይ ከፍ ባለ አገር ከዚያም ላይ አንድ አምስተኛ የሚሆነው ይጐድላል። ስለዚህ በደጋው ቮልስ የምትወጣው በትዕግሥት ነው፤ በቅሎም እንዲሁ ናት።

የመጀመሪያዎቹ ቮልሶች በአውራ ጎዳና መታየት በጀመሩበት ዘመን በሁለቱ አገሮች መካከል አንድ ትልቅ ነገር ተደርጓል። ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1947 ዓ.ም. ምዕራብ ጀርመንን ጐበኙ። ከጦርነቱ በኋላ አዲሱን መንግሥት በይፋ የጐበኙ የመጀመሪያው ርእሰ ብሔር እርሳቸው ናቸው። ጀርመኖችም ዓለም በሸሻቸው ጊዜ የመጣላቸውን እንግዳ በታላቅ ክብር ተቀበሉ። ንጉሠ ነገሥቱ ሮልስ ሮይስን የመሰሉ ታላላቅ አውቶሞቢሎች ነበሩአቸው፤ በቮልስ ይሄዳሉ ብሎ ያሰበ ሰው አልነበረም።

ከዚያ በኋላ በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. በወሎና በትግሬ የደረሰው ረኀብ መጣ። ዋግ በዚያን ጊዜ ከወሎ ጠቅላይ ግዛት አውራጃዎች አንዱ ነበረ። ዝናም ቀረ፤ ከብቱ አለቀ፤ ሕዝቡ ልጁን አዝሎ ወደ መኪና መንገድ ወረደ። በአሥር ሺህ የሚቈጠር ሰው ሞተ። ወሬው በአዲስ አበባ ሹማምንት ዘንድ ተሸሽጎ ሳለ፥ ጆናታን ዲምብልቢ የተባለው እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ ፊልም አንሥቶ በ1966 ዓ.ም. መጀመሪያ ለአገሩ ሰዎች አሳየ። ደርግም በመስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ፥ በዘመን መለወጫ በዓል፥ ይህን ፊልም ከቤተ መንግሥቱ ግብርና ድግስ ጋራ እያፈራረቀ በቴሌቪዥን አሳየው። በአንድ ወገን አጥንቱ የቀረ ሕፃን፥ በሌላ ወገን የሠርግ ኬክ ታየ።

በማግሥቱ ጧት፥ በመስከረም 2 ቀን፥ መኮንኖች ወደ ኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ሄዱ፤ ሻለቃ ደበላ ዲንሳም ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን መውረዳቸውን የሚገልጸውን ቃል አነበቡ። ንጉሠ ነገሥቱ ያን ጊዜ የ82 ዓመት ሽማግሌ ነበሩ። ከቤተ መንግሥቱ ሲወጡ የቀረበችላቸው አንዲት ቮልስ ናት። ቮልስ ሁለት በር ብቻ ስላላት ከኋላ ለመቀመጥ የፊተኛው ወንበር ታጥፎ ሰውየው ጐንበስ ብሎ መግባት አለበት። እንዲሁ ገቡ። ወደ አራተኛ ክፍለ ጦር ሲወሰዱም በመንገድ የቆመው ሕዝብ «ሌባ፥ ሌባ» እያለ ይጮኽ ነበር፤ ከጥቂት ወራት በፊት በዚያው ጎዳና እጅ ይነሣ የነበረ ሕዝብ ነው።

አንዳንዶች ቮልሷ የተመረጠችው ለማዋረድ ነው ይላሉ፤ አንዳንዶች ደግሞ ጕዞው እንዳይታወቅ ነው ይላሉ። እኛ ከዚህ በላይ የሚከነክነን ሌላ ነው። ያ ሁሉ የተደረገው በረኀብተኛው ስም ሲሆን፥ የዋግ ገበሬ በዚያን ቀን በሮልስ ሮይስም በቮልስም አልተቀመጠም። ከአሥር ዓመት በኋላ፥ በ1977 ዓ.ም.፥ ረኀቡ ከፊተኛው ብሶ በተመለሰ ጊዜ የዋግ ሕዝብ እንደ ገና ወደ ኮረም ወረደ። የመንግሥት ሰዎች በ2007 ዓ.ም. የሕፃናትን መቀንጨር ለማጥፋት የገቡት ቃል በሰቆጣ ስም መጠራቱ ያለ ምክንያት አይደለም።

ፋብሪካውስ ከዚያ ወዲህ ምን ሆነ? ቮልስ በየካቲት 1972 ዓ.ም. የአሜሪካውን የፎርድ ሞዴል ቲ ቍጥር አልፋ በዓለም ከአንድ ዓይነት ብዙ የተሠራች አውቶሞቢል ሆነች፤ ቍጥሩም 15,007,034 ነበር። የመጨረሻዪቱ በሐምሌ 2003 ዓ.ም. በሜክሲኮ አገር በፑዌብላ ተሠርታ ወጣች፤ ተራ ቍጥሯ 21,529,464 ነው። ድርጅቱ የጦርነቱን ዘመን ታሪክ ለሃንስ ሞምዘን ለተባለው የታሪክ ሊቅ አስጠንቶ፥ መጽሐፉ በ1996 ዓ.ም. ታተመ፤ በ1998 ዓ.ም. ደግሞ በግድ ለሠሩት ሰዎች መርጃ 20 ሚሊዮን ማርክ መደበ። ይህ በመልካም ሊጻፍለት ይገባል፤ ምንም እንኳ ከአምሳ ዓመት በኋላ ቢሆን። ነገር ግን በ2015 ዓ.ም. ይኸው ድርጅት 11 ሚሊዮን በሚያህሉ የናፍጣ አውቶሞቢሎች ውስጥ የጭሱን መርዝ በምርመራ ሰዓት ብቻ የሚያሳንስ የማታለያ ፕሮግራም ማግባቱ ተገለጸ። አለቃው ማርቲን ቪንተርኮርን ከሥልጣኑ ወረደ። ሰባ ዓመት የተገነባ መታመን በአንድ ሳምንት ሲናድ ማየት የሚያስደነግጥ ነው፤ ነገር ግን የቴምብሩን ደብተር ታሪክ ለሚያውቅ ሰው ፈጽሞ አዲስ አልነበረም።

በአገራችን በኩል፥ የጀርመን ፕሬዚዳንት ፍራንክ ቫልተር ሽታይንማየር በጥር 2011 ዓ.ም. አዲስ አበባን በጐበኙ ጊዜ፥ ድርጅቱ በኢትዮጵያ አውቶሞቢል ስለ መገጣጠም ከመንግሥት ጋራ የመግባቢያ ጽሑፍ ተፈራርሟል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሄዱ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ ተነገረ። ስለዚህ ዛሬ በአዲስ አበባ አይዲ ፎርና አይዲ ሲክስ የተባሉት፥ በቻይና አገር የተሠሩ የቮልስዋገን የኤሌክትሪክ አውቶሞቢሎች፥ ከአሮጌዎቹ ቮልሶች ጋራ በአንድ ጎዳና ሲሄዱ ይታያሉ። አሮጌዪቱ በጩኸቷ ትታወቃለች፤ አዲሲቱ ድምፅ የላትም። ዋጋዋም ከመካከለኛ ሹም ደመወዝ ጋራ የሚገናኝ አይደለም፤ ስለዚህ የሕዝብ ሠረገላ የሚለው ስም እንዴት አድርጎ እንደሚስማማት ሻጮቿ ቢያስረዱን መልካም ነበር። በዚያውም ላይ ከኮረም ተነሥቶ ወደ ሰቆጣ ለሚወጣ ባለ ቤተ ሰብ፥ ባትሪው ዳገቱ መካከል ቢያልቅበት የት እንደሚሞላ ይንገሩን፤ በዚያ መንገድ ላይ ዛሬም ጭነቱን ይዞ የሚያልፈው አህያ ነውና።