በደቂቃ ስንት ቃል ታነባላችሁ?

ንባብ አስተምራለሁና «በደቂቃ 1000 ቃል አነባለሁ» የሚሉ ያጋጥሙኛል። ደስ ይላል፤ ያነበቡትን ስጠይቃቸው ግን ወሬው ይቀየራል።

ተመራማሪው ማርክ ብሪስባርት እ.ኤ.አ. በ2019 ብዙ ጥናቶችን አሰባስቦ ሲያሰላ፣ አዋቂ ሰው ልቦለድ ያልሆነ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ በልቡ ሲያነብ በአማካይ በደቂቃ 238 ቃል ሆኖ አገኘው። ይህን ቁጥር ለአማርኛ እንዳትወስዱት። የእኛ ግሥ አድራጊውንም፣ ተደራጊውንም፣ አፍራሹንም በአንድ ቃል ስለሚሸከም ቁጥራችን ማነሱ አይቀርም። ራሳችሁን ከራሳችሁ ጋር ብቻ አወዳድሩ።

አለካኩ ቀላል ነው። ያላነበባችሁትን መጽሐፍ ግለጡ፤ የ5 መስመር ቃላት ቆጥራችሁ ለ5 አካፍሉ። የስልካችሁን ሰዓት ቆጣሪ 3 ደቂቃ ላይ ሞልታችሁ እንደወትሮው አንብቡ። በመስመር 8 ቃል ኖሮ 54 መስመር ከሄዳችሁ 432 ቃል ነው፤ በደቂቃ 144። አሁን መጽሐፉን ክደኑና ያነበባችሁትን ለሰው እንደምታወሩ ተናገሩ። ካልቻላችሁ ቁጥሩን ሰርዙት፤ አይቆጠርም።

ማሻሻሉስ? ያነበቡትን መስመር በወረቀት እየሸፈኑ መሄድ የሚያስተምሩ አሉ፤ እኔ አልመክርም። ዓይን ወደ ኋላ የሚመለሰው ብዙውን ጊዜ ያልገባን ነገር ስላለ ነው። ጠበቃ አዋጅ ቶሎ የሚያነበው ዓይኑ ስለፈጠነ ሳይሆን ቃላቱን ስለለመዳቸው ነው። ስለዚህ በአንድ ጉዳይ ላይ ደጋግማችሁ አንብቡ፤ በወር አንዴም በዚያው ዓይነት ጽሑፍ ለኩ። ጋዜጣና ልቦለድ አታቀላቅሉ።