ጠጅ፣ ወይን ጠጅና ማዕድ፤ መጠጥን ከመብል ጋራ ስለ ማስማማት

በኤውሮፓና በአሜሪካ ያሉ የወይን ጠጅ ፋብሪካዎች እንግዶቻቸውን ጠርተው «የቅምሻ እራት» የሚባል ግብዣ ያደርጋሉ። ሥርዓቱ የታወቀ ነው። አምስት ወይም ስድስት ዐይነት ምግብ በየተራ ይቀርባል፤ ከያንዳንዱ ምግብ ጋራ አንድ የወይን ጠጅ ይቀዳል፤ ወይኑን የጠመቀው ሰው ተነሥቶ ይህ መጠጥ ለዚህ ምግብ የተመረጠበትን ምክንያት ይናገራል፤ እንግዳውም ቀምሶ ይፈርዳል። በአገራችንም የወይን እርሻ እየሰፋ በመሄዱ የዝዋይንና የአዋሽን ወይን ጠጅ ከአገር ምግብ ጋራ በዚሁ መልክ ማቅረብ እንግዳ ነገር መሆኑ ቀርቷል። ታዲያ ለባህል ተመራማሪ ከዚህ የሚነሣ አንድ ጥያቄ አለ። ይኸውም መጠጥን ከመብል ጋራ ማስማማት በእኛ ማዕድ ከጥንት የነበረ ዕውቀት ነውን? ወይስ ከውጭ የመጣ ትምህርት ነው? የዚህ ጽሑፍ ዐሳብ ማስማማቱ ከጥንትም የነበረ መሆኑን፣ ነገር ግን የሚያስማማው ሌላ ነገር እንደ ነበረ ለማስረዳት ነው።

አስቀድሞ ስለ ቃሉ ጥቂት መናገር ይገባል። በግዕዝ ከማር የሚጣለው መጠጥ «ሜስ» ይባላል፤ ትግርኛም እስከ ዛሬ ይህንኑ ስም ይዟል። «ወይን» ግን በግዕዝ ተክሉንም መጠጡንም ይጠራል። አማርኛ ይህን ሁለተኛውን መጠጥ ሲሰይም «ወይን ጠጅ» አለው፤ ማለት ከወይን የተጣለ ጠጅ። ስለዚህ በአማርኛ ተናጋሪ አእምሮ ውስጥ ዋናው መጠጥ ጠጅ ሲሆን የወይኑ መጠጥ የጠጅ አንድ ዐይነት ነው። ፈረንሳዮችና እንግሊዞች ጠጃችንን «የማር ወይን» ሲሉ ነገሩን ከእነሱ ማዕድ አንጻር ገለበጡት። በስም የታየው ይህ ግልብጥ በማዕዱም ላይ እንዳለ ወደ ታች እንመለከታለን።

የወይን መጠጥ ለአገራችን አዲስ አይደለም። በአንደኛው መቶ ዓመት ገደማ የተጻፈው «ፔሪፕሉስ» የተባለው የግሪክ የባሕር ንግድ መጽሐፍ ወደ አዱሊስ ከሚገቡት ሸቀጦች መካከል ጥቂት የሎዶቅያና የኢጣልያ ወይን ጠጅ ይቈጥራል። ጥቂት ማለቱ ልብ የሚባል ነው፤ መጠጡ ለነገሥታትና ለባሕር ማዶ ነጋዴዎች እንጂ ለሕዝብ አልነበረም ብሎ ለመገመት ያስችላል። ቤተ ክርስቲያን ግን ያለ ወይን መቀደስ ስለማትችል፣ የወይን ፍሬ እንደ ልብ በማይገኝበት አገር ዘቢቡን በውኃ ዘፍዝፎ መጭመቅን መፍትሔ አደረገች። ይህም በቤተ ልሔም የሚሰናዳው የዘቢብ ጭማቂ ሳይፈላ ለቍርባን ይውላል። እንግዲህ በብዙ ምእመናን ዘንድ «ወይን» የመሠዊያ፣ ጠጅ ደግሞ የማዕድ ነበረ። ወይን ጠጅ በጠርሙስ ወደ ሕዝብ ማዕድ የገባው በ20ኛው መቶ ዓመት ሲሆን፣ ጉደር የሚባለው ቀይና አክሱማይት የሚባለው ጣፋጭ ወይን ጠጅ በየግሮሰሪው የታወቁ ናቸው። ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሚገኘው በዝዋይ አጠገብ የፈረንሳዩ የካስቴል ኩባንያ ሜርሎ፣ ሲራህ፣ ካበርኔ ሶቪኞንና ሻርዶኔ የሚባሉትን የወይን ዘሮች ተክሎ፣ የመጀመሪያውን ጠርሙስ በ2014 (እ.ኤ.አ.) ለገበያ አወጣ። እርሻው ከሐይቁ ስለማይርቅ ጉማሬና ዘንዶ እንዳይገባበት ዙሪያውን ቦይ ተቈፍሮለታል፤ የቦርዶ ገበሬ ይህን ችግር አያውቀውም።

አሁን የቅምሻውን እራት ሥርዓት እንመርምር። አንድ መጠጥ ለአንድ ምግብ የሚለው ደንብ በኤውሮፓም ቢሆን እንደሚታሰበው የጥንት አይደለም። እስከ 19ኛው መቶ ዓመት ድረስ በፈረንሳይ መኳንንት ግብዣ ብዙው ምግብ ባንድ ጊዜ በገበታው ላይ ይደረደር ነበር። «የሩሲያ ሥርዓት» የተባለው፣ ምግቡን አንድ በአንድ እያከታተሉ ማቅረብ በ19ኛው መቶ ዓመት ከተስፋፋ በኋላ ነው እያንዳንዱን ምግብ ከአንድ የተለየ ወይን ጠጅ ጋራ ማጣመር በርግጥ የተቻለው። የሚጠቀሱት ምክንያቶችም በምላስ ላይ የሚሆነውን የሚመለከቱ ናቸው። በቀይ ወይን ጠጅ ውስጥ ታኒን የሚባለው አፍን የሚያደርቅ ነገር ከምራቅ ፕሮቲን ጋራ ይያያዛል፤ ሥጋና ስብ ሲበላበት ግን ድርቀቱ ይለዝባል። የወይን ጠጅ ኮምጣጣነት የስብን ክብደት ያቃልላል። ጥቂት ጣፋጭነት የቃሪያን ቃጠሎ ያበርዳል፤ አልኮል የበዛበት መጠጥ ደግሞ ቃጠሎውን ያብሰዋል።

እነዚህን ደንቦች ይዘን ወደ መሶብ ስንቀርብ አንድ እንቅፋት እናገኛለን። በአንድ እንጀራ ላይ ዶሮው፣ አልጫው፣ ጐመኑና አይቡ ባንድ ጊዜ ይወጣሉ፤ በላተኛው በአንድ ጕርሻ ሁለቱን ወይም ሦስቱን ይቀላቅላል። በዚህ ላይ ጕርሻውን የሚመርጥለት ሁልጊዜ ራሱ አይደለም፤ አጕራሹ ነው። ስለዚህ «ይህ መጠጥ ለዚህ ወጥ» ማለት መሶቡን ማፍረስን ይጠይቃል። ደግሞም እንጀራው ራሱ ኮምጣጣ ነው፤ ኮምጣጣ ምግብ ደግሞ ኮምጣጣነቱ ያነሰውን ወይን ጠጅ ውኃ ውኃ ያሰኘዋል። በመሶብ የሚቀርብ መጠጥ እንግዲህ ለአንድ ወጥ ሳይሆን ለሁሉም ባንድነት የሚበቃ ሊሆን ይገባዋል። ጠጅ ይህን ሥራ እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ የሚቻለው አጣጣሉን በማየት ነው።

ጠጅ የምትጥል ሴት አንዱን እጅ ማር ከሦስት እስከ አምስት እጅ በሚሆን ውኃ ትበጠብጣለች፤ በወይራ በታጠነ ጋን ውስጥ አድርጋ ትከድነዋለች፤ ጥቂት ቀን ሰንብቶ ሲፈላ ሰፈፉን ትገፍፋለች፤ ጌሾውን ጨምራ እንደ ወራቱ ሙቀትና ብርድ ከአንድ ሳምንት እስከ ሦስት ሳምንት ታቈየዋለች፤ በመጨረሻም በጨርቅ ታጠልላለች። እርሾ አይጨመርበትም፤ በማሩ፣ በጌሾውና በጋኑ ያለው ይበቃዋል። አልኮሉ ብዙ ጊዜ ከ7 እስከ 11 በመቶ ይደርሳል፤ ይህም ከአብዛኛው ወይን ጠጅ ያነሰ ነው። መራራነቱ ከጌሾ የመጣ ሲሆን፣ ኬሚስቶች የመራራነቱን ምንጭ ከተክሉ ለይተው «ጌሾይዲን» ብለውታል። በጠጅ ቤት የሚጠየቀው ለስላሳ፣ መካከለኛና ደረቅ ነው፤ ልዩነቱም በውስጡ የቀረው ጣፋጭነትና የፍላቱ ርዝመት ነው። የማሩም ዐይነት ይለያል፤ የትግራይ ነጭ ማር የሚሰጠው ጠጅ የግራዋ አበባ ከቀሰመች ንብ ማር ከሚጣለው ጥቁርና መረር ያለ ጠጅ ጋራ አንድ አይደለም። የወይን ጠጅ ዐዋቂ የአፈሩን ስም እንደሚጠራ ሁሉ የጥንት ባለ ጠጅ ሴቶችም የማሩን አገር ይጠሩ ነበር።

ታዲያ በጠጅ ውስጥ ጣፋጭ፣ መራራና ጐምዛዛ ባንድነት ይገኛሉ። የዶሮ ወጥ በርበሬ ለሚያቃጥለው ምላስ ከማሩ የተረፈው ጣፋጭነት ያበርዳል፤ በቅቤ የከበደውን አፍ የጌሾው መራራነት ያጥባል፤ ጐምዛዛነቱ እንጀራውን ይመስላል። ልብ መባል ያለበት በርበሬ ከአሜሪካ የመጣ ተክል በመሆኑ ከ16ኛው መቶ ዓመት በፊት በአገራችን አለመኖሩ ነው። ጠጅ ከወጡ ቃጠሎ ይቀድማል። አስቀድሞ የነበረው ቅመም ጥምዝ፣ ኰረሪማና ዝንጅብል ነበር፤ ስለዚህ ጠጅ ለበርበሬ ተብሎ አልተፈጠረም፤ በርበሬው በደረሰ ጊዜ ግን ጠጁ አላፈረበትም። ለቍርጥ ሥጋ የሚፈለገው ደረቁ ጠጅ ነው፤ ጥሬ ሥጋ ከአዋዜና ከሰናፍጭ ጋራ ሲበላ ጣፋጩ ይሰለቻል፤ ከሥጋው በኋላ አረቄ ማስከተልም የተለመደ ነው። (ጥሬ ሥጋ የኮሶ ትል ስለሚያመጣ፣ የማዕዱ ሥርዓት ኮሶን እንደ ሦስተኛ መጠጥ ይጨምራል ቢባል ከዕውነት አይርቅም።) ክትፎ ግን አይቡን ከጐኑ ይዞ ይመጣል፤ የሚጥሚጣውን ኀይል የሚይዘው ቅቤውና አይቡ ስለ ሆነ መጠጡ ብዙ አይደክምም። የጾም ማዕድ፣ ሽሮውና ስልጆው፣ ከጠላ ጋራ ነው የኖረው፤ የጠላ አልኮል ከ2 እስከ 6 በመቶ ያህል ነውና፣ የተቈላው እህል ሽታም ከሽሮው ጋራ ይስማማል። አልኮል ለማይጠጣ እስላምና ለሕፃናት ደግሞ ያልፈላው የማር ብርዝ አለ።

ይህ ሁሉ ስለ ምላስ ነው። በግብር አዳራሽ ግን መጠጥን ከመብል ጋራ የሚያስማማው ምላስ ብቻ አልነበረም፤ ማዕርግ ነበር። ንጉሡ በመጋረጃ ተከልሎ ከጥቂት ታላላቆች ጋራ ይበላል፤ ከዚያ በኋላ መጋረጃው ተገልጦ መኳንንቱ፣ ከነሱም በኋላ ሹማምንቱና ወታደሩ በተራ ይገባሉ። በመሶቡ ላይ ከላይ የማኛ ጤፍ እንጀራ፣ ከታች ደግሞ ጥቁሩ ይደረብ ስለ ነበር፣ የቀደመው ነጩን፣ የኋለኛው ጥቁሩን ይበላል። መጠጡም እንደዚሁ ነው፤ የሰነበተውና የጠራው ጠጅ ለመጀመሪያው ተራ፣ ቀጠን ያለው ለሁለተኛው፣ ጠላው ለኋለኛው። ነጭ እንጀራ ከጥሩ ጠጅ፣ ጥቁር እንጀራ ከጠላ ጋራ ተጣመረ ማለት ነው። በቅምሻው እራት እንግዳው በመጠጡ ይፈርዳል፤ በግብር ግን የቀረበለት መጠጥ በእንግዳው ላይ ፈርዷል፤ የት እንደ ተቀመጠ፣ ከማን በታች እንደ ሆነ ዋንጫው ይነግረዋል። ይህን ሥርዓት ደንብ ብቻ ነበር ብሎ ማለፍ አይገባም፤ በግብር ስለ ጠጅ የተነሣ ቅሬታ የመጠጥ ቅሬታ ሳይሆን የሹመት ቅሬታ ነበርና።

የመቅመሱም ትርጕም የተለየ ነው። በምዕራባውያን ገበታ አስተናጋጁ ለጋባዡ ጥቂት ቀድቶ ይጠብቃል፤ ጋባዡ ቀምሶ ወይኑ እንዳልተበላሸ ይመሰክራል። በእኛ ዘንድ ግን ቀማሹ አሳላፊው ነው፤ ከብርሌው ጥቂት በመዳፉ ላይ አፍስሶ ይጠጣል፤ ይህም መርዝ እንደሌለበት ለማረጋገጥ ነው። በአንደኛው የሚፈተነው መጠጡ ነው፤ በሁለተኛው የሚፈተነው የሰጪው ሰው እምነት ነው። ደግሞም ወይን ጠጁን በብርሃን አንጻር አንሥቶ ቀለሙን ማየት የቅምሻው መጀመሪያ ሲሆን፣ የጥንቱ መኰንን ሲጠጣ ግን ቡዳ እንዳያየው ሸማ ይጋረድለት ነበር።

ዘውዱ በ1967 ዓ.ም. ሲወርድ የቤተ መንግሥቱ ግብር አብሮት ቀረ፤ የተረፈው በሠርግ፣ በማኅበርና በጠጅ ቤት ያለው ነው። ዛሬ በወይን ጠጅ እራት ላይ የአገር ምግብ በየሳሕኑ ተከፋፍሎ በተራ ሲወጣ፣ ጠጁ ከጣፋጭ ኬክ ጋራ በመጨረሻ የሚቀርብ ከሆነ፣ በስሙ ላይ የታየው ግልብጥ በማዕዱ ላይ ተፈጸመ ማለት ነው። ለስላሳውን ጠጅ ብቻ የቀመሰ እንግዳ ጠጅ ሁሉ የኬክ መጠጥ ይመስለዋል። በእኔ አስተያየት የዝዋይ ሲራህ ለጥብስና ለቍርጥ መልካም ጓደኛ ሊሆን ይችላል፤ አዋዜው ሲበዛ ግን አልኮሉ ቃጠሎውን ስለሚያነሣ አዋዜውን መቀነስ ይጠይቃል፤ ለዶሮ ወጥ ግን ከአራቱ ዘሮች አንዱም ደረቅ ሆኖ ቢቀርብ ከመካከለኛ ጠጅ አይበልጥም። ከወይኖቻችን ለበርበሬ የሚቀርበው ብዙ ሰው የሚንቀው ጣፋጩ አክሱማይት ነው፤ ይህን የምለው በጣዕሙ ደንብ እንጂ በአገር ፍቅር አይደለም።

ከዚህ ይልቅ የሚያሳስበው ራሱ የጠጁ ነገር ነው። የማር ዋጋ በመወደዱ ብዙ ጠጅ ቤት ስኳር ይቀላቅላል፤ ስኳሩ ፈልቶ ሲያልቅ የማሩ ሽታ አይኖርም፤ ጌሾው ብቻውን ይቀራል። እንዲህ ያለውን መጠጥ ይዞ ስለ ስምምነት መመራመር አይቻልም። ስለዚህ በዚህ መስክ ለሚሠሩ ተማሪዎች የሚቀድመው ሥራ በየአውራጃው ጠጅ በመጣል የታወቁትን አሮጊቶች መጠየቅ ነው፤ የማሩን አገር፣ የውኃውን ልክ፣ ጌሾው ቅጠሉ ነው ወይስ እንጨቱ፣ ለሠርግ የሚጣለው ስንት ቀን እንደሚቈይና ለተዝካር ከሚጣለው በምን እንደሚለይ፣ የትኛውንስ ወጥ ዐስበው ጠጁን እንደሚያደርቁ ወይም እንደሚያለሰልሱ። መልሳቸው በመስፈሪያ ሳይሆን በጣትና በሽታ የሚነገር ስለ ሆነ፣ ጠያቂው መጻፊያ ብቻ ሳይሆን ሚዛንና ቴርሞሜትር ይዞ ሊሄድ፣ ጋኑ ከሚታጠንበት ቀን ጀምሮም እስከሚጠለልበት ቀን ድረስ አብሯቸው ሊቈይ ይገባዋል።